ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ፤ በሰው አገር ያደገው የንጉሥ ልጅ

ወላጅ የሌለውን ሕፃን ተቀብሎ ማሳደግ በቅዱሳት መጻሕፍት ዘንድ እጅግ ከፍ ብለው ከሚቈጠሩት በጎ ሥራዎች አንዱ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ምን እንደ ሆነ ሲያስረዳ በመጀመሪያ ያነሣው ወላጅ የሌላቸውን ልጆችና መበለቶችን በመከራቸው መጐብኘትን ነው። በአገራችንም የጡት ልጅ፥ የማደጎ ልጅ፥ ጉዲፈቻም እየተባለ የሚጠራው ልማድ ከጥንት ጀምሮ የኖረ ነው፤ ልጅ ያልወለደ ልጅ አግኝቶበታል፥ እናቱ የሞተችበትም እናት አግኝቶበታል። ነገር ግን በጎ ሥራ ሁሉ የራሱ ሥርዓት አለው። ጾም ያለ ፍቅር ረኃብ ብቻ እንደሚሆን፥ ምጽዋትም ከከንቱ ውዳሴ ጋር ዋጋው እንደሚጠፋ፥ የሰውን ልጅ ማሳደግም ስለ ልጁ መሆኑ ቀርቶ ስለ አሳዳጊው ክብር ወይም ምቾት ሲሆን ከመልካምነቱ ብዙው ይጐድላል። ይልቁንም ልጁ ከሌላ አገርና ከሌላ ቋንቋ የመጣ እንደ ሆነ የአሳዳጊው ዕዳ እጥፍ ይሆናል።

ይህን ነገር በቃል ብቻ ከማብራራት ይልቅ በአንድ ሰው ሕይወት መመልከት ይሻላልና፥ በዚህ ጽሑፍ የዐፄ ቴዎድሮስን ልጅ የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ለአንባብያን እናቀርባለን። ብዙዎች ስሙን ያውቃሉ፤ በእንግሊዝ አገር መሞቱንም ሰምተዋል። እኛም ታሪኩን የምናነሣው ለቍጭት ብለን ወይም ከመቶ ኀምሳ ዓመት በፊት ያለፉትን ሰዎች ለመክሰስ አስበን አይደለም። ሰባት ዓመት የሞላው ሕፃን በባዕድ እጅ ሲያድግ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ መርምረን፥ ዛሬ የሰው ልጅ ለሚያሳድጉም፥ ልጃቸውን ለሌላ ለሚሰጡም የሚሆን ትምህርት ለማውጣት ነው።

ልዑል ዓለማየሁ የተወለደው ሚያዝያ 16 ቀን 1853 ዓ.ም. ነው። አባቱ ከቋራ ተነሥተው፥ መሳፍንቱን አንድ በአንድ ድል ነሥተው፥ በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም በአቡነ ሰላማ እጅ የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ የሰሜንና የትግሬ ገዥ የነበሩት የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ ናቸው። ደጃዝማች ውቤ በዚያው ዓመት በደረስጌ ድል ተነሥተው ታስረው ስለ ነበረ፥ እቴጌይቱ ያገቡት አባታቸውን ያሰሩትን ንጉሥ ነው ማለት ነው። ስለ እቴጌ ጥሩወርቅ የጻፉ ሰዎች ጸሎት የሚያዘወትሩ፥ ዳዊት የሚደግሙ፥ ከቤተ መንግሥት ክብር ይልቅ ምንኵስናን የሚመኙ ሴት እንደ ነበሩ ይመሰክራሉ። እንግዲህ ሕፃኑ በአንድ ወገን የጦር ነጋሪት፥ በሌላ ወገን የዳዊት ንባብ በሚሰማበት ቤት ተወለደ።

ሕፃኑ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ ስለ ወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ። ደብዳቤው መልስ ሳያገኝ ቀረ። ንጉሡም እንደ ተናቁ ቈጥረውት ተቈጡና የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎችን አውሮፓውያን አሰሩ። የእንግሊዝ መንግሥት እስረኞቹን ለማስፈታት በጄኔራል ሮበርት ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል ወታደር ከሕንድ አምጥቶ በዙላ ወደብ አወረደ። ይህ ጦር በትግሬና በላስታ በኩል ተጕዞ መቅደላ አጠገብ ደረሰ። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በዕለተ ስቅለት በአሮጌ ሜዳ ውጊያ ሆነና የንጉሡ ሠራዊት ተሸነፈ። ንጉሡም እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ለመስጠት ግን አልፈቀዱም። ሚያዝያ 6 ቀን በፋሲካው ማግሥት ሰኞ የእንግሊዝ ጦር የመቅደላን በር ሰብሮ ሲገባ፥ ንግሥት ቪክቶሪያ ቀድሞ የሰጧቸውን ሽጉጥ ጠጥተው ሞቱ።

ከዚህ በኋላ መቅደላ ተዘረፈች፥ ተቃጠለችም። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ንዋያተ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት፥ አክሊሉና ጽዋው ሳይቀር፥ በ15 ዝሆኖችና በ200 ያህል በቅሎዎች ተጭነው ወደ ደላንታ ሜዳ ወረዱ። እዚያም ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጡ፤ 350 ያህል የብራና መጻሕፍትም ለብሪታንያ ሙዚየም ተወሰዱ። በነዚያው ቀናት አንዲት መበለት ንግሥትና አንድ ሕፃን ከዚያው ተራራ ወርደው ከጦሩ ጋር ጕዞ ጀመሩ።

ሕፃኑ ለምን ከአገር እንደ ወጣ ሲጠየቅ ሁለት ምክንያት ይሰጣል። አንደኛው፥ አባቱ ልጃቸው በእንግሊዞች እጅ እንዲጠበቅ ይሹ ነበር የሚል ነው፤ ይህንም የጻፉት እንግሊዞች ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው፥ የዐፄ ቴዎድሮስ ጠላቶች በአገር ውስጥ ብዙዎች ስለ ነበሩ ሕፃኑ ቢቀር ለሕይወቱ ያሰጋ ነበር የሚል ነው። በዚያ ዘመን የነበረውን የመሳፍንት ጠብ ለሚያውቅ ሰው ይህ ሁለተኛው ምክንያት ከንቱ ፍርሃት አይመስለውም። እኛም ምክንያቱን አቃለን አንመለከተውም። ሆኖም ሕፃንን ከአደጋ ማውጣት አንድ ነገር፥ ከወገኑ ፈጽሞ መለየት ደግሞ ሌላ ነገር መሆኑን አንባቢ ከወዲሁ ልብ እንዲል እንወዳለን።

እቴጌ ጥሩወርቅ ከጦሩ ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ ታመው ግንቦት 8 ቀን 1860 ዓ.ም. በእንደርታ ዐረፉ፤ በጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንም ተቀበሩ። ከአባቱ ሞት እስከ እናቱ ሞት የተቈጠረው 32 ቀን ብቻ ነው። ሰባተኛ ዓመቱ የሞላውም በዚሁ መካከል፥ አባቱ በሞቱ በዐሥረኛው ቀን ነበረ። ቤተ ክርስቲያን የትንሣኤን ደስታ በምታከብርባቸው በኀምሳው ቀናት ውስጥ ሕፃኑ አባትም እናትም አጣ። ይሁን እንጂ ወላጆቹ ሞቱበት እንጂ ዘመዶቹ አላለቁም ነበር። የእናቱ እናት በሕይወት ነበሩ፤ የእናቱም ወገኖች በሰሜንና በትግሬ ይኖሩ ነበር። ወላጅ አልባ ሁሉ ዘመድ አልባ አይደለምና፥ ይህ ነገር ለኋለኛው ትምህርታችን መሠረት ነው።

ሕፃኑ ከእናቱ ሞት በኋላ የተጠጋው አንድ ሰው ነበረ፤ እርሱም ካፒቴን ስፒዲ ይባላል። ስፒዲ ቀድሞ ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ፥ አማርኛ የሚናገር፥ እጅግ ረጅም ቁመት ያለው እንግሊዛዊ ነው። በዘመቻው አስተርጓሚ ሆኖ መጥቶ ነበርና ልጁ በአደራ ተሰጠው። በመርከብ ጕዞው ጊዜ ሕፃኑ ሌሊት እየፈራ ከስፒዲ አልለይም ይል እንደ ነበረ ተጽፏል። ይህ የሚያስደንቅ አይደለም፤ በአንድ ወር ውስጥ አባት፥ እናት፥ ቤትና አገር ያጣ ልጅ የሚያውቀውን ቋንቋ የሚናገረውን ሰው የሙጥኝ ብሎ ቢይዝ ምን ይደንቃል? ከአገሩ ሰዎች መካከል እስከ ባሕር ጕዞው ድረስ አብረውት የነበሩት እንግሊዝ አገር ሳይደርሱ ወደ ኋላ ተመለሱ። እንግዲህ ዓለማየሁ እንግሊዝ ምድር በሐምሌ ወር 1860 ዓ.ም. ሲረግጥ አንድ እንኳ የወገኑ ሰው አብሮት አልነበረም።

በዚያው ወር ዋይት በተባለችው ደሴት በሚገኘው በኦዝበርን ቤተ መንግሥት ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ንግሥቲቱም ልጁን ወደዱት፤ እስኪሞት ድረስም ስለ እርሱ ከማሰብ አላቋረጡም። በሕግ ልጅ አድርገው አልወሰዱትም፤ ነገር ግን እርሳቸው እንደ ጠባቂ፥ መንግሥታቸውም ወጪውን እንደሚችል ሞግዚት ሆኑለት። በዚያች ደሴት ሳለ ስመ ጥር የነበረችው ፎቶግራፍ አንሺ ጁልያ ማርጋሬት ካሜሮን ፎቶግራፉን አንሥታዋለች። ሥዕሉን ያየ ሁሉ ዐይኖቹ ኀዘን የሞላባቸው፥ ፈገግታ የራቀው ሕፃን ያያል።

ስፒዲ ሚስት አግብቶ በመንግሥት ሥራ ወደ ሕንድ ሲሄድ ልጁን ይዞት ሄደ። እዚያ ከስፒዲና ከባለቤቱ ጋር የኖረባቸው ዓመታት ከእናቱ ሞት ወዲህ ቤት የሚመስል ነገር ያገኘባቸው ብቸኛ ዓመታት ነበሩ ለማለት ይቻላል። ንግሥት ቪክቶሪያም ልጁ ከሚወደው ሰው እንዳይለይ ይሹ ነበር። ነገር ግን የመንግሥቱ ሹማምንት፥ ይልቁንም የገንዘብ ጕዳይ የተሰጣቸው ሚኒስትር፥ ልጁ በእንግሊዝ አገር በትምህርት ቤት ማደግ አለበት ብለው ቈረጡ። ስለዚህ ዓለማየሁ በዐሥር ዓመቱ ገደማ ከስፒዲ ተለይቶ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ። መለየቱም እጅግ እንደ ከበደው ተጽፏል። ሁለተኛ አባቱን ያጣው በሞት ሳይሆን በጽሕፈት ቤት ውሳኔ ነው።

ከ1872 ጀምሮ፥ ይኸውም በአውሮፓ አቈጣጠር ነው፥ የቼልተንሃም ኮሌጅ አስተዳዳሪ በነበሩት በቄስ ጄክስ ብሌክ ቤት ተቀመጠ። እኒህ ሰው በ1874 የራግቢ ትምህርት ቤት ኃላፊ ሆነው ሲሾሙ እርሱም ተከትሏቸው ወደ ራግቢ ሄደ። በኳስ ጨዋታ ብርቱ ነበረ፤ ጓደኞቹም ይወዱት ነበር። ትምህርቱ ግን አልሆነለትም። አማርኛውንም ከጊዜ ወደ ጊዜ ረሳ። እናቱ ዳዊት ሲደግሙ እየሰማ ያደገ ልጅ የእናቱን ቋንቋ የሚያናግረው ሰው ስላጣ ጨርሶ ጠፋበት። እንግሊዝኛ ተምሮ ነበር፤ ዳሩ ግን መልኩን የሚያይ ሁሉ እንግሊዛዊ አድርጎ አይቀበለውም። በመንገድ ሲሄድ ሰዎች ስለ ቆዳው ቀለም ትኵር ብለው ያዩት ስለ ነበረ በዚህ ነገር ልቡ ይቈስል እንደ ነበረ ንግሥት ቪክቶሪያ ራሳቸው በዕለት ማስታወሻቸው ጽፈዋል። ስለዚህ ከዚያ እንዳይሆን ቋንቋውን አጣ፥ ከዚህም እንዳይሆን መልኩ ለየው።

አያቱ ግን አልረሱትም ነበር። ከኢትዮጵያ እየጻፉ ናፍቆታቸውንና የልጅ ልጃቸውን ዐይን ለማየት ያላቸውን ምኞት ገልጸዋል። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ነገር አስተውሉ፤ አንዲት አሮጊት በአማርኛ ደብዳቤ ታስጽፋለች፤ ደብዳቤው የተጻፈለት የገዛ የልጅ ልጇ ግን ያለ አስተርጓሚ የማያነበው ሆኗል። ልዑሉ ራሱም ወደ አገሩ የመመለስ ምኞት እንደ ነበረው ይነገራል። ነገር ግን ነገሩ የመንግሥት ጕዳይ ሆነና ምኞቱ አልተፈጸመም። በኢትዮጵያ ሌላ ንጉሠ ነገሥት ነግሠው ነበርና የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ መመለስ ሁከት ያመጣል የሚል ሐሳብ ነበረ። ስለዚህ ልጁን የሚመለከተው ነገር ሁሉ በሌሎች ሲመከር፥ እርሱ ምን እንደሚሻ የሚጠይቀው ጥቂት ነበረ።

በ1878 ሳንድኸርስት ወደሚባለው የጦር መኰንኖች ትምህርት ቤት ገባ። የአባቱ ስም የጦር ስም ነውና ልጁም ወታደር ይሁን ተብሎ ይሆናል። እዚያ ግን ደስታ አላገኘም፤ ብዙም ሳይቈይ ተወውና ሊድስ በተባለው ከተማ አጠገብ በሄዲንግሊ፥ አስተማሪ በሆኑት በሲሪል ራንሰም ቤት ለብቻው ይማር ጀመር። በ1879 በመከር ወራት በሳንባው ሽፋን ላይ ብርቱ ሕመም ያዘው። ንግሥት ቪክቶሪያ ስለ ጤንነቱ እየላኩ ይጠይቁ ነበር፤ ሐኪሞችም ተመላለሱለት። እርሱ ግን ሰዎች መርዝ ሰጥተውኛል የሚል ፍርሃት አድሮበት ምግብና መድኃኒት እንቢ ይል እንደ ነበረ ተጽፏል። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር ኖቬምበር 14 ቀን 1879) በተወለደ በ18 ዓመቱ ዐረፈ። ዐሥራ አንድ ዓመት በሰው ምድር ኖሮ፥ በመጨረሻው ሰዓት የሚያምነው እጅ አጣ። በዚህች አንዲት ፍርሃት ውስጥ የሕይወቱ ሁሉ ኀዘን ተጠቅልሎ እንደሚታይ እኛ እናምናለን።

ንግሥት ቪክቶሪያ በዚያ ቀን በማስታወሻቸው ላይ፥ ልጁ በባዕድ አገር ያለ አንድ ዘመድና ያለ አንድ ወገን ብቻውን መሞቱን፥ ሕይወቱም ደስታ የጐደለውና ችግር የበዛበት እንደ ነበረ በታላቅ ኀዘን ጻፉ። በእርሳቸውም ፈቃድ በዊንዘር በሚገኘው በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። በቤተ ጸሎቱ ውስጥ በስሙ የናስ ጽሑፍ አስቀመጡለት፤ በጽሑፉም ላይ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 ስለ እንግዳ አቀባበል የተናገረው ቃል ተቀርጾበታል።

ይህ የወንጌል ቃል በዚያ መቃብር ላይ መጻፉ ብዙ ያሳስባል። ንግሥቲቱ ልጁን ተቀብለዋል፤ ይህ እውነት ነው። ስፒዲ ወዶታል፥ መምህራኑም በአቅማቸው ደክመውለታል፤ ይህም እውነት ነው። ተርቦ አልሞተም፥ ታርዞም አልኖረም። ነገር ግን ጌታችን እንግዳን ስለ መቀበል ሲናገር ቤት መስጠትን ብቻ የተናገረ አይመስለንም። አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር እንግዶቹን በተቀበለ ጊዜ መልካሙን ሁሉ ካቀረበ በኋላ ሲሄዱ ሊሸኛቸው አብሯቸው ሄዷል። እንግዳ የሚሸኝ ከሆነ እንግዳ ነው፤ የማይሸኝ ከሆነ ግን ወይ ልጅ ሆኗል፥ ወይም ምርኮኛ ሆኗል። ዓለማየሁ ወደ ቤቱ እንዳይሸኝ ተከለከለ፤ ልጅ ሆኖ የሚያርፍበት አንድ ቤትም ሳያገኝ ከቤት ወደ ቤት ሲዘዋወር ሞተ።

አሁን ደግሞ ይህን ታሪክ ከሌሎች ታሪኮች ጋር እናስተያየው። የፈርዖን ልጅ ሙሴን ከወንዝ አውጥታ ልጅ አደረገችው፤ ያጠባችው ግን የወለደችው እናቱ ነበረች። ስለዚህ ሙሴ የግብፅን ጥበብ ሁሉ እየተማረ ወገኖቹ እነማን እንደ ሆኑ ዐወቀ። በቤተ መንግሥት ማደጉ ወንድሞቹን አላስረሳውም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከገዛ አገራችን ታሪክ ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት የጢሮስ ሰው የነበረው ሜሮጵዮስ ሁለት ልጆች ይዞ በባሕር ሲጓዝ በጠረፋችን መርከቡ ተያዘች፥ ሰዎቹም ተገደሉ። ፍሬምናጦስና ኤዴስዮስ የሚባሉት ሁለቱ ልጆች ግን ከዛፍ ሥር ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ተገኝተው ወደ አክሱም ንጉሥ ተወሰዱ። እዚህ ላይ እኛም ራሳችንን ልናይ ይገባናል፤ የእነዚያን ልጆች ወገኖች የገደሉ የእኛው አገር ሰዎች ነበሩና። ንጉሡ ግን ልጆቹን በቤቱ አሳደገ፤ አንዱን አሳላፊ፥ ሌላውን የመዝገቡና የጽሕፈቱ ኃላፊ አደረገ። ሊሞትም በቀረበ ጊዜ ወደ ፈቀዱበት እንዲሄዱ ነጻነት ሰጣቸው። ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ እንዲረዷት ለመነቻቸውና በፈቃዳቸው ቈዩ። በኋላም ኤዴስዮስ ወላጆቹንና ዘመዶቹን ሊያይ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ሄዶ ከቅዱስ አትናቴዎስ ጵጵስና ተቀብሎ ወደ አሳደገችው አገር ተመለሰ። እርሱም አባታችን አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ጳጳሳችን በባዕድ ቤት ያደገ ልጅ ነበረ። አንደኛው ሄደ፥ አንደኛው ተመለሰ፤ ሁለቱም በነጻነት መረጡ። ለአክሱም ታላቅ በረከት ያመጣው ይህ ነጻነት ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ምሳሌ ደግሞ የጌታችን ስደት ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ በወርኀ ጽጌ የምታስበው ይህን ነው። ጻድቁ ዮሴፍ ከራሱ ያልተወለደውን ሕፃን ከሄሮድስ ሰይፍ ለማዳን ከእናቱ ጋር ወደ ግብፅ ወሰደው። አደጋው ባለፈ ጊዜ ግን በመልአኩ ቃል ይዞት ተመለሰ። የአሳዳጊ ሁሉ አባት ሊባል የሚገባው ዮሴፍ ሕፃኑን ወደ ባዕድ አገር መውሰድ ብቻ ሳይሆን መመለስንም ዐወቀ። ሕፃኑንም ሲወስድ ከእናቱ አልለየውም።

ከእነዚህ ሁሉ አራት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፥ ልጅን ከወገኑ ከማውጣት በፊት ዘመድ መፈለግ ነው። አያት፥ አጎት፥ አክስት፥ የክርስትና አባት ወይም እናት ያለው ልጅ በመጀመሪያ ወደ እነዚህ ሊቀርብ ይገባል። ድህነታቸው ምክንያት ሆኖ ልጁ እንዳይወሰድ፥ ልጁን ለመውሰድ የሚወጣው ገንዘብ እነርሱን ለመርዳት ቢውል የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁለተኛው፥ የልጁን ቋንቋ፥ ስምና ሃይማኖት መጠበቅ ነው። ቋንቋ እንደ ልብስ በሌላ የሚለወጥ ነገር አይደለም፤ የሞተችውን እናት ድምፅ የሚያቈይ እርሱ ነውና። ሦስተኛው፥ እውነቱን አለመደበቅ ነው፤ የማን ልጅ እንደ ሆነ፥ ከየት እንደ መጣ፥ ወገኖቹ የት እንዳሉ እንደ ዕድሜው መንገር፥ ደብዳቤአቸውንም ማድረስ ይገባል። አራተኛው፥ ነጻነት ነው፤ ልጁ ባደገ ጊዜ ወደ ተወለደበት ሊሄድ ቢወድ በሩን መክፈት፥ ሊቀር ቢወድም በፍቅር መያዝ ነው። ከዚህም ጋር ልጅን ከእጅ ወደ እጅ ማዘዋወር ታላቅ ጕዳት መሆኑን የዓለማየሁ ኑሮ ያስተምረናል፤ ሰው አንድ ጊዜ እናቱን ካጣ ዘንድ ደጋግሞ ሊያጣ አይገባውምና።

ይህ ትምህርት በዘመናችን መንግሥታትም ዘንድ ተሰሚነት አግኝቷል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1989 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቁት የሕፃናት መብት ስምምነት፥ ወላጅ ለሌለው ልጅ ማደጊያ ሲፈለግ ለዘሩ፥ ለሃይማኖቱ፥ ለባህሉና ለቋንቋው ጥንቃቄ እንዲደረግ ያዛል። በ1990 የወጣው የአፍሪካ የሕፃናት ቻርተርም ልጅን ለሌላ አገር ሰው በጉዲፈቻ መስጠት ሌላ መንገድ ሁሉ ሲታጣ የሚደረግ የመጨረሻ አማራጭ መሆኑን ይደነግጋል። በሺህ የሚቈጠሩ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ ውጭ ከሄዱ በኋላ፥ የኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር ወር 2010 ዓ.ም. ልጅን ለውጭ አገር ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠትን አግዷል። ስለ እገዳው ጥቅምና ጕዳት ሰዎች ልዩ ልዩ አሳብ አላቸው። በባዕድ አገር በፍቅር አድገው የተባረኩ ልጆችም አሉና ሁሉን በአንድ መመዘን አይገባም። ነገር ግን በር መዝጋት ብቻውን ሕፃን አያሳድግም። ልጆቹ ከአገር እንዳይወጡ የምንፈልግ ከሆነ በአገር ውስጥ የሚቀበላቸው ቤት መኖር አለበት፤ ያም ቤት የእኛው ቤት ነው። ካህናትም በየአጥቢያቸው ወላጅ የሞተበትን ልጅ ስም ዐውቀው፥ ዘመዱን ፈልገው፥ የንስሓ ልጆቻቸውን ቢያሳስቡ፥ ብዙ ሕፃን ከጎዳና ይድናል። ወደ ሌላ አገር ሄደው ያደጉት ልጆች ወገናቸውን ፍለጋ ሲመጡም እንደ እንግዳ አንያቸው፤ አማርኛ ባይችሉም ልጆቻችን ናቸው።

የዓለማየሁ ዐፅም እስከ ዛሬ በዊንዘር ነው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2007 የኢትዮጵያ መንግሥት በፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በኩል ዐፅሙ እንዲመለስ ጠይቆ ነበር። ጥያቄው ከዚያም በኋላ ተደጋግሟል፤ በ2023 ግን የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት፥ በአካባቢው የተቀበሩትን ሌሎች ሳይነኩ ዐፅሙን ማውጣት እንደማይቻል አስታወቀ። በዚያው ዓመት ከካፒቴን ስፒዲ ቤተሰብ ዘንድ ተጠብቆ የቈየ የልዑሉ ጠጕር ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ዮሴፍ በግብፅ ሲሞት ዐፅሙን ወደ አባቶቹ ምድር እንዲያወጡ ወንድሞቹን አስምሏቸው ነበር፤ ሙሴም ከብዙ ዘመን በኋላ መሓላውን ፈጽሟል። ዓለማየሁ ወንድሞቹን የሚያስምልበት ዕድል አላገኘም። እኛ ግን ሳያስምለን ልናስበው ይገባናል።

እንግዲህ ወዳጆች ሆይ፥ የሰው ልጅ በቤታችሁ ያለ እንደ ሆነ በዚህ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ራሳችሁን መርምሩ። ስሙን ጠብቃችሁለታልን? የእናቱን ወገን ያውቃልን? ሲታመምና ሲፈራ የሚያምነው እጅ አለውን? ዐልጋና እንጀራ የሰጠ ብዙ ሰጥቷል፤ ልጁ በመጨረሻ ሰዓቱ እንኳ የማይፈራውን እጅ የሰጠ ግን ሁሉን ሰጥቷል። በመንገድ ለወደቁት ልጆች በራቸውን የሚከፍቱትን እግዚአብሔር ይባርክ። የልዑል ዓለማየሁንና በሰው አገር ያረፉትን ልጆቻችንን ነፍስ ከአብርሃም፥ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር በገነት ያሳርፍልን፤ አሜን።